ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሊዮን

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ወሬው ስለ ፈረንሳይ ምግብ ነው፤ ከምግቡ በፊት ግን ስለ ሻንጣዬ መናገር አለብኝ።

ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሊዮን ስላክ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ፌስታል ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ቆሎ እና በብልቃጥ ሚጥሚጣ ነበረ። ከመሥሪያ ቤት ለሥልጠና ውጭ አገር የሄደ ሰው ይህንን ሲሰማ አይስቅም፤ ራሱም አድርጎታልና። የውሎ አበል የሚባል ነገር አለ። የሚሰጠን እንድንበላበት ነው፤ እኛ ግን ክፍላችን ውስጥ በሶ በጥብጠን እንጠጣና በአበሉ ለእናት ጫማ፣ ለወንድም ስልክ፣ ለእህት ልጅ ጃኬት ገዝተን እንመለሳለን። አበሉን በልቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ።

ሌላም ነገር ነበረ። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ፈረንሳይኛውን የለቀመው ከሐዲዱ ላይ ነው። እኛ ቤት «ለገሃር» የሰፈር ስም ከመሆኑ በፊት «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ እንደነበር ሳንጠይቅ ይነገረናል። አዲስ አበባ ጣቢያው አጠገብ ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባል ምግብ ቤት ነበር። አባቴ በደጁ ስላለፈባቸው ቀኖች ብዙ ያወራል፤ ገብቶ ምን እንደበላ ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም። በእኔ አእምሮ የፈረንሳይ ምግብ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈለት፣ የሌላ ሰው ምግብ ነበር።

በሶው ለሦስት ቀን ቻለኝ። በአራተኛው ቀን ማታ ተሸነፍኩና ቱሪስት ወደሚርመሰመስበት ወደ አሮጌው ሊዮን ወጣሁ። አንዱ ቤት ደጅ ላይ በስድስት ቋንቋ የተጻፈ፣ የእያንዳንዱ ምግብ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ዝርዝር ቆሟል። አሳላፊው ክንዴን ሊይዘኝ ምንም አልቀረውም። የሽንኩርት ሾርባ አዘዝኩ። የሽንኩርት ሾርባ የሚባለው ሽንኩርቱ በቅቤ ቀስ እያለ ቡና እስኪመስል ተቁላልቶ፣ ከላዩ ዳቦ እና አይብ ተደርጎበት ምድጃ ውስጥ የሚገባው ነው። የእኔው ሙቅ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ላስቲክ ነበር። ውኃ የተዘጋ ጠርሙስ አመጡልኝ፤ ከሾርባው ቀጥሎ አንድ የደረቀ ሥጋ አመጡልኝ፤ ሲያልቅ 38 ዩሮ አሉኝ። ቤቱን አልጠራውም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ያንን ገንዘብ በጫማ ቁጥር እያሰላሁ ነበር።

በማግሥቱ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ፊቴን አዩና ምን ሆኑ አሉኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እኔን የሚያህለውን ልጅ ሁሉ «እርስዎ» ይሉታል። ነገርኳቸው። «በስንት ሰዓት ሄዱ?» አሉኝ። የት እንደሄድኩ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስላቸው የማላውቀውን አንድ ቃል በአፍንጫቸው ተናገሩና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይህ ምግብ ከቀትር በኋላ ዋጋው ይለወጣል። ሠራተኛ በሚበላበት ሰዓት ይብሉ።»

ያልገባኝን ሲያስረዱኝ ነገሩ ቀላል ነው። ፈረንሳይ አገር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሥራ ይቆምና ሰው ሁሉ ሊበላ ይወጣል። ብዙ ቀጣሪዎች ለሠራተኛው የምሳ ኩፖን ይሰጣሉ፤ ከወጪው ከፊሉን ቀጣሪው ይሸፍነዋል። ስለዚህ በየሰፈሩ ያለ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት የሚሽቀዳደመው ነገም ከነገ ወዲያም ለሚመለስ ሰው ነው፤ ያንን ሰው ማታለል አይቻልም። ለእሱ የሚሠራለት «ፕላ ዱ ዡር» ይባላል፤ የዕለቱ ምግብ። ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ትልቅ ድስት የሚንተከተክ ነው። የሚገባበትም ሥጋ ርካሹ ነው፤ የበሬ ጉንጭ፣ የጥጃ ትከሻ፣ ጅማት የበዛበት፣ ሦስት ሰዓት ካልፈላ የማይታኘክ። ስሙ ሲጠራ የሚያስፈራን ብላንኬት፣ ፖቶፈ፣ ቦፍ ቡርጊኞን የሚባለው ሁሉ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ውድ ሥጋ መግዛት ያልቻለች ሴትም ጊዜ ከፍላ ታለሰልሰዋለች።

ትምህርቱን ሰምቼ በነጋታው ወጣሁና ዘገየሁ። ፋርማሲ ቆሜ፣ መንገድ ጠፍቶኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። «ተዘግቷል» አለችኝ መጥረጊያ የያዘችው ልጅ። ሥጋ ቤት እንኳ ቢሆን ለአንድ ሰው አንድ ነገር አይጠፋም የሚል ባህል ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ከባድ ነው። ስምንት ሰዓት ስምንት ሰዓት ነው። ድስቱ አልቋል።

በሚቀጥለው ቀን ከሩብ ጉዳይ ለስድስት ጀምሬ ደጅ ቆምኩ።

የመረጥኩት ቤት ፎቶግራፍ አልነበረውም። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ፤ ግማሹ በእጅ ተሰርዟል። ያረፍኩባቸው ማዳም ያሉኝ ምልክት ይህ ነው፤ የተሰረዘ ሰሌዳ ማለት በዕለቱ የተጻፈ ማለት ነው። ዋጋ በደጅ መለጠፉ ደግሞ በሕግ የታዘዘ ስለሆነ ሳይገቡ ማንበብ ነውር የለውም። ቤቱ ሊዮኖች «ቡሾን» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ጠባብ፣ ጠረጴዛው የተጠጋጋ፣ ጎረቤትህ ሲያስል ሾርባህ የሚናወጥበት። መግቢያ፣ ዋና ምግብ እና ጣፋጭ አንድ ላይ «ፎርሙል» ይባላል፤ የእኔው 19 ዩሮ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ሊዮን የአሳማ ከተማ ናት። ሰላጣው ላይ አሳማ፣ ምስሩ ውስጥ አሳማ፣ ቋሊማው በሙሉ አሳማ። ከ«ቦንዡር» ቀጥሎ ያጠናሁት ቃል «ፖር» ነው። ጾመኛ ለሆነማ ፈተና ነው፤ ኬኔል የሚባለው ሥጋ የሌለበት የዓሣ ምግብ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እንቁላል እና ቅቤ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን በጣቴ እየተከተልኩ «ፖር?» እላለሁ፤ አሳላፊዋ ራሷን ትነቀንቃለች። በመጨረሻ አንዱ ላይ ስደርስ «የለም፣ ይህ በሬ ነው» አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በእጇ የራሷን ሆድ መታ መታ አደረገች። ጨጓራ ነው ማለቷ ነው። እንግዳ ስለሆንኩ ልታስጠነቅቀኝ ፈልጋለች። እኔ ደግሞ የዱለት አገር ሰው መሆኔን በምን ቋንቋ ልንገራት?

ስሙ ታብሊዬ ደ ሳፐር ነው፤ የወታደር ሽርጥ እንደማለት። የንብ ቀፎ የሚመስለው የጨጓራ ክፍል ተቀቅሎ፣ በነጭ ወይን ተዘፍዝፎ፣ በእንቁላል እና በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ ይጠበሳል። የመዳፍ ስፋት ያለው ወርቃማ ቁራጭ ሆኖ መጣ። ቢላዬን ሳሳርፍበት ላዩ ቅርጭ አለ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው፤ ያች የማውቃት የጨጓራ ሽታም ከእንፋሎቱ ጋር ወጣች፤ በበዓል ጠዋት ከእናቴ ማድ ቤት የምትወጣው። ከጎኑ የተከተፈ የተቀቀለ እንቁላል በሰናፍጭ እና በኮምጣጤ የተለወሰ ማባያ አለ። ግራ ቀኝ አየሁና ከቦርሳዬ ሚጥሚጣውን አውጥቼ ነሰነስኩበት። አጠገቤ የተቀመጠው የቀለም ቀቢ ቱታ የለበሰ ሰው አይቶኛል። ብልቃጡን ገፋ አደረግሁለት። ቀመሰ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ዳቦ ጎረሰ፤ ደግሞ እንደገና ዘረጋልኝ።

ብቻውን የሚበላ ሰው አገራችን ያሳዝናል፤ ወይም ይታማል። እዚያ ቤት ግን ከግማሽ የማያንሰው ብቻውን ነበር፤ ጋዜጣውን ከዳቦው ሰሃን ጋር አስደግፎ። ሦስተኛ ቀን ስሄድ ቀቢው ወንበር ይዞልኝ ጠበቀኝ።

ውኃውን ከእሱ ነው የተማርኩት። ጠርሙስ ልጠይቅ ስል ጣልቃ ገብቶ «ካራፍ ዶ» አለልኝ። የቧንቧ ውኃ በማንቆርቆሪያ መጣ፤ በነጻ። ከምግብ ጋር ዳቦ እና የቧንቧ ውኃ ሳይከፈልበት መቅረቡ በ1967 የወጣ ደንብ ነው። ጉርሻውም እንደዚሁ፤ የአገልግሎቱ ክፍያ ዋጋው ውስጥ ተካቷል። ሳንቲም መተው ይቻላል፤ ባትተይም ከኋላሽ የሚያጉረመርም የለም። እኔ ግን እየተውኩ ነው የወጣሁት፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እንግዲህ ሽርጡን ከበላሁ በኋላ በጣፋጭ ፋንታ አይብ መረጥኩ። ስሙ ሴርቬል ደ ካኑ፤ የሸማኔ አንጎል። የእኛው ዓይነት ትኩስ አይብ ነው፤ ጥቃቅን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠላ ቅጠል ገብቶበታል። ካኑ የሚባሉት የሊዮን የሐር ሸማኔዎች ናቸው። ክሯ ሩስ በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ የሽመና ማሽኑ እንዲገባ ጣሪያው በረዘመ ቤት ውስጥ ከነቤተሰባቸው ይሠሩ ነበር። በ1831 እና በ1834 ስለ ዋጋ አምፀው ጦር ወርዶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሲሸምኑ ቆይተው ጠዋት ላይ ከሆድ ዕቃ የተሠራ ምግብ ይበሉ ነበር፤ «ማሾን» ይሉታል። ዛሬ የዓለም ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው የቡሾን ምግብ የእነሱ ቁርስ ነው።

ማብሰያውን የያዙት ደግሞ ሴቶች ነበሩ፤ ከሀብታም ቤት ወጥ ቤትነት ወጥተው የራሳቸውን ጓዳ የከፈቱ። «የሊዮን እናቶች» ይባላሉ። ከእነሱ አንዷ ኤዥኒ ብራዚዬ በ1933 ለሁለት ምግብ ቤቶቿ ሦስት ሦስት የሚሽላን ኮከብ፣ ማለትም የፈረንሳዩ የምግብ ቤቶች መመሪያ የሚሰጠውን ከፍተኛ ደረጃ፣ አግኝታለች። ልጅ ሳለች አሳማ ጠባቂ ነበረች። ይህንን ሳነብ ያንን የነጭ ጠረጴዛ ልብስ ሐሳቤን ምን ላድርገው ብዬ ተቸገርኩ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሁለት ቀን ፓሪስ ነበረኝ። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ጋር ደ ሊዮን ጣቢያ ያወርዳል። እዚያው ጣቢያ ፎቅ ላይ በ1901 የተከፈተ፣ ጣሪያው በሥዕል እና በወርቅ ቅብ የተጥለቀለቀ ምግብ ቤት አለ፤ ጥንት የጣቢያው ቡፌ ነበር። ደረጃውን ወጣሁ። ዝርዝሩን በር ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ።

የሄድኩት ሻርትዬ ወደሚባለው ቡዮን ነው። ቡዮን መረቅ ማለት ነው። ዱቫል የሚባል ሥጋ ሻጭ በ1850ዎቹ በፓሪሱ ትልቅ ገበያ ለሚሠሩ ሰዎች የሥጋ መረቅ በርካሽ መሸጥ ጀመረ፤ የዚህ ዓይነቱ ቤት ሁሉ ስም ከዚያ ነው። ሻርትዬ የተከፈተው በ1896 ነው። አንድ ማለፊያ ግቢ ውስጥ ሰልፍ አለ፤ ረጅም ነው፣ ግን ይሄዳል። ውስጡ እንደ ባቡር ጣቢያ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ መስታወት፣ ክብ መብራቶች፣ ከራስ በላይ የናስ የኮት መስቀያ። ግድግዳው ላይ ቁጥር ያላቸው ትናንሽ መሳቢያዎች አሉ፤ የድሮ ደንበኞች የአፍ መጥረጊያ ጨርቃቸውን እዚያ ያስቀምጡ ነበር። ወንበር አትመርጪም፤ ክፍት ቦታ ባለበት ከማታውቂው ሰው ፊት ያስቀምጡሻል። እኔን ከሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች ጋር አስቀመጡኝ። በአንድ ማዕድ ማለት ነው፤ ሰሃኑ ብቻ ይለያያል።

የተቀቀለ እንቁላል በማዮኔዝ ከ3 ዩሮ በታች። የተጠበሰ ዶሮ በድንች። ካራሜል የፈሰሰበት ኩስታርድ። አሳላፊው ጥቁር ሰደርያ እና ነጭ ሽርጥ ለብሷል፤ ያዘዝኩትን በስክሪብቶ የጠረጴዛው ወረቀት ላይ ጫረው፤ ሲያልቅ እዚያው ደመረልኝ። 20 ዩሮ አልሞላም። ወረቀቱን ልቀደው ወይ ብዬ በምልክት ጠየቅኩት። ራሱ በጥንቃቄ ቀደደና አጥፎ ሰጠኝ።

ድሬዳዋ ስደርስ ሻንጣው ቀላል ነበር። ለእናቴ ጫማ አለ፤ ስልክ የለም፤ ጃኬት የለም። ወንድሜ ምንም አላለም፤ አለማለቱ ይሰማ ነበር። ለአባቴ ያንን ወረቀት ሰጠሁት። ዘይት ነክቶታል። መነጽሩን አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ የአሳላፊውን ጭረት በዚያ በባቡር ፈረንሳይኛው ጮክ ብሎ አነበበ። «ኧፍ ማዮኔዝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ፑሌ ሮቲ።» ድምሩን በጣቱ ተከተለ፤ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«እንቁላል እና ዶሮ ለመብላት ነው ፓሪስ ድረስ የሄድሽው?»