የአባባ ኮምፒውተርና የዕድሩ ቃለ ጉባኤ

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከደብረ ማርቆስ፣ ከወላጆቼ ቤት ሆኜ ነው። ከጀርባ የሚሰማችሁ የሙቀጫ ድምፅ ነው፤ እማዬ ቡና እየወቀጠች ነው።

የማወራችሁ ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ስለተቀመጠ አንድ ዴስክቶፕ ነው። አባባ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊም ናቸው። ቃለ ጉባኤውን፣ የመዋጮውን መዝገብ፣ ሁሉንም የሚጽፉት በዚሁ ኮምፒውተር ነው።

የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ዊንዶው የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ፣ የደኅንነት ማስተካከያውን ጨምሮ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተመዘገበ ሰው ለጥቂት ጊዜ የሚራዘምበት መንገድ አለ። እኔ ግን አንዴ ወደ 11 አሻግሬው ልረፍ ብዬ መጣሁ።

መጀመሪያ ማሽኑ ይችል እንደሆነ አየሁ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። የእኛው 8ኛ ትውልድ ነው። መመርመሪያው ፕሮግራም ግን «አይችልም» አለኝ። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶው ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብቼ ሳይ ፒቲቲ የሚለው ጠፍቶ ነው። እሱ ነው የኢንቴሉ ቲፒኤም። አበራሁት፣ እሺ አለ። እናንተም «አይችልም» ስለተባላችሁ ብቻ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ይህችን እዩ።

ከዚያ ባካፕ፣ ማለትም የፋይሎቹን ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ። በዚህ ነገር አንዴ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ዊንዶው ላስጭን ላፕቶፔን ሰጠሁ። ፎርማት አድርገው፣ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፍተው፣ መለሱልኝ። ዴስክቶፑ ላይ የነበረው የእህቴ የሰርግ ፎቶ አብሮ ሄደ። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የአባባን ፋይሎች በሙሉ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ለማረጋገጥ ብዬ አንዱን ቃለ ጉባኤ በራሴ ላፕቶፕ ከፈትኩት። አማርኛ የለም! ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ።

«ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ዝም አሉ። ዝምታቸው ሆዴን በላው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ለማን ሐዘን ስንት ብር እንደወጣ፣ ድንኳኑን እነማን እንደተከሉ ተጽፏል። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ መጻፍ የጀመሩት በ1996 ዓ.ም. በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ነው፤ ፎንት ማለት የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል ነው። እንዲህ ያሉት የድሮ ፎንቶች «ሀ»ን፣ «ለ»ን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ለፊደላችን የራሱን ቦታ የሰጠው አባባ መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልማዱ ግን ቶሎ አልተለወጠም። ስለዚህ ፋይሉ ቢተርፍም፣ ያ ፎንት ከሌለ ማንም አያነበውም።

ዊንዶውን ሳያጠፉ ከላዩ ላይ ማሻሻል ፎንቱንም ፋይሉንም አይነካም። ካልተስማማችሁም በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ግን መሃል ላይ ቢበላሽና ፎርማት ግድ ቢሆንስ? ያኔ ፎንቱም አብሮ ይጠፋል።

እና ምን አደረግኩ? ሲ ድራይቭ ውስጥ ካለው የፎንት ማኅደር የድሮዎቹን የግዕዝ ፎንቶች ለቅሜ ከሰነዶቹ ጎን አስቀመጥኩ። ከዚያ ቃለ ጉባኤዎቹን አንድ በአንድ ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩ። ፒዲኤፍ ፊደሉን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። አንዱ ፍላሽ እዚህ ይቀመጣል፤ ሌላውን እኔ ይዤ እሄዳለሁ።

የዊንዶውስ 11ን መጫኛ ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ በ8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጅቶ በሰው ልኮልኛል። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በዚህ ቤት ኢንተርኔት አይሞከርም። የቀረኝ የመብራት ነገር ነው። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ጣጣ ነው። ከጎረቤት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ተውሻለሁ። ቅዳሜ በጠዋት እንጀምራለን።

ትናንት ማታ ፒዲኤፉን በእኔ ላፕቶፕ ከፍቼ ለአባባ አሳየኋቸው። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እማዬን ጠሯት፤ «ነይማ፣ ይችን ስሚ» አሏት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የ1996ቱን የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ከነፈራሚዎቹ ስም አነበቡላት።