ከሐይቅ ለምጣድ የመጡት እናት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬም ከደሴ፣ ከሆጤ ነኝ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ታገሱኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሥራዬ ነው። ለሱቆች ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ለባነር፣ ለቴሌግራም፣ በስልክ ለሚላክ አጭር መልእክት። አንድ ቀን የሆነውን ላጫውታችሁ፤ ከዚያ ወዲህ አጻጻፌ ተለውጧል።

ፒያሳ ላለ የቤት ዕቃ ሱቅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ድርጅታችን ዘመናዊና ጥራታቸውን የጠበቁ የቤት ውስጥ መገልገያ ዕቃዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ አቅርቧል።» ባለቤቱ ወደደው። እኔም ወደድኩት። የተማረ ሰው የጻፈው ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን እዚያው ሱቅ ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ገቡ። ከሐይቅ ነው የመጡት፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃ የሚሸከምላቸው የልጅ ልጃቸውንም ይዘዋል። «የኤሌክትሪክ ምጣድ ፈልጌ ነው» አሉ። ፍሪጅ አለ፣ ስቶቭ አለ፣ የልብስ ማጠቢያ አለ። ምጣድ ግን ያ ሱቅ ሸጦ አያውቅም። እሳቸውም ስልካቸውን ለልጁ ሰጡትና «በል አንብብላቸው» አሉት። ልጁ የኔን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበው። «መገልገያ ዕቃ ካላችሁ፣ ምጣድ መገልገያ አይደለም ወይ ልጄ?» አሉኝ። አልተቆጡም። እሱ ነው የከበደኝ።

የባከነው የሁለት ሰው የደርሶ መልስ የመኪና ሂሳብ ነው። የአንድ ቀን ሥራም ነው። እኔ «ምጣድ የለንም» ብዬ ሁለት ቃል ብጽፍ ኖሮ ቤታቸው ይውሉ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ግልጽ አለመጻፍ የውበት ጉድለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ሕጉም ቢሆን፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እኔን የያዘኝ ግን ሕጉ አይደለም፤ የእናትየው ፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ ስቀበል መጀመሪያ ሄጄ እሰማለሁ። ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ ጋቢ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ቁሙ እስቲ። «ድርጅታችን» አትልም። «ጥራቱን የጠበቀ» አትልም። «እታለም፣ ዳስሻት እስቲ። አራት ድርብ ናት። የጦሳ ብርድ አያልፋትም» ነው የምትለው። አያችሁ? እያንዳንዷ ቃል የሚነካ ነገር አላት። ድርቡን መቁጠር ይቻላል። ጦሳ ከደሴ አናት ያለው ተራራ ነው፤ ብርዱን ገዢዋ ታውቀዋለች። ገዢዋም ከፊቷ ቆማለች፤ የምታወራው ለሷ ብቻ ነው። እኛ ወረቀት ስንይዝ ግን ያቺ አንዲት ሴት ትጠፋብናለች። ለሕዝብ ንግግር ማድረግ እንጀምራለን።

ብርድ ካልኩ አይቀር፣ ደሴም ኮምቦልቻም ሱቅ ላለው ሰው የብርድ ልብስ ማስታወቂያ ጽፌ ነበር። ለሁለቱም ከተማ አንድ ጽሑፍ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ስህተቱን ወዲያው ያውቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። እዚህ ጃኬት የደረበ ሰው እዚያ ሲደርስ ያወልቃል። ለኮምቦልቻው «በዚህ ብርድ» ብዬ ስጽፍ ለማን ነው የጻፍኩት? አሁን ለኮምቦልቻ «ደሴ ለሚማር ልጅዎ» ብዬ ነው የምጀምረው።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን አልጽፍም። ነጋዴዎች ምክንያት አላቸው፤ ዋጋ በየሳምንቱ ይቀየራል፣ ተፎካካሪም ያያል። እረዳለሁ። ግን የሚያነበው ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ያፍራል። ብዙ ሰው ከማፈር ዝም ብሎ ማለፍን ይመርጣል። ስለዚህ «ከዚህ ብር ጀምሮ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ» ብለን ቀን እንቆርጣለን። ቀኑ ሲያልፍ ጽሑፉን እናነሳለን። በቃ።

የኛ ቋንቋ አንድ ከባድ ነገር አለው። «ና» ትላለህ፣ «ነይ» ትላለህ፣ «ኑ» ትላለህ፣ «ይምጡ» ትላለህ። ሳትመርጥ አንድ ትእዛዝ አይወጣህም። ማንን እንደምታናግር ሳታውቅ አማርኛ መጻፍ አይቻልም ማለት ነው። እኔ ይሄን እንደ ችግር አላየውም። እንዲያውም ይጠቅመኛል፤ ገና ከመጀመሪያው ግሥ ላይ ሰውየው ማን እንደሆነ እንድወስን ያስገድደኛል። ለፀጉር ቤት «ነይ» እላለሁ። ወሎ አንቱታ ገና አልጠፋም፤ እናቶች ለሚገዙት ዕቃ «ይምጡ» ነው፣ ሌላ የለም። የማልወደው አንዱ ጽሑፍ ላይ «ይምጡ» ብሎ ጀምሮ «ትደሰታላችሁ» ብሎ የሚጨርሰውን ነው።

አጭር መልእክት ደግሞ ጥሩ አስተማሪ ነው። በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። አንድ የኛ ፊደል ከገባበት ወደ 70 ይወርዳል። ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። ያ የድሮው ዓረፍተ ነገሬ ብቻውን 61 ይበላል። ሱቁ የት እንደሆነ ገና አልተናገረም! ይሄንን ግን ስሙት፦ «ፍሪጅ ገብቷል። ፒያሳ፣ ከባንኩ ጎን ነን። እስከ ማታ 1 ሰዓት ይምጡ።» 44 ነው። ምን እንዳለ፣ የት እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሁሉም አለበት። 26 ቦታ ተርፎናል። «ምጣድ ለጊዜው የለንም» እንኳ ይገባል።

ያቺን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ለባለ ሱቁ ሳቀርብለት ተከራክሮኛል። «የሌለንን ለምን እንናገራለን? ሰው ያለንን ሊገዛ አይደል የሚመጣው?» አለኝ። የሐይቋን እናት አስታወስኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ጻፈው» አለኝ። ከዚያ በኋላ «ምጣዱ መቼ ይገባል?» የሚል ስልክ መደወል ጀመረ። ደጋግሞ ሲደወልለት ራሱ ለማስመጣት ወሰነ።

እናትየው ያን ቀን ስልክ ቁጥራቸውን ትተው ነው የሄዱት። ቁጥራቸው ሱቁ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። ባለፈው ማክሰኞ ምጣዱ ገባ። ጽሑፉን ቴሌግራም ላይ ከመለጠፌ በፊት ሐይቅ ደወልኩ። ዋጋውን ነገርኳቸው፣ ስንት እንዳለ ነገርኳቸው። «እውነት አለ?» አሉኝ። «አለ እማማ፣ አጠገቤ ነው፤ እጄ ላዩ ላይ ነው» አልኳቸው።