ለእማዬ የተቀመጠው

እሺ... ዛሬ ሌላ ርዕስ ይዤ ነበር፣ ተውኩት። ያቺ የሳምባሏ ጓደኛዬ፣ ሳምባል የማላዮች ዳጣ ነው፣ ሚጥሚጣችሁ ልክ አይደለም የምትለኝ፣ እሁድ ደውላ አንድ የማላይ ተረት ነገረችኝ፣ ይኸው እስካሁን አለቀቀኝም።

ባቱ በላህ ባቱ በርታንግኩፕ ይባላል፣ ተከፍቶ መልሶ የሚገጥም ድንጋይ ነው። እናትየው ባሏ የሞተባት ናት፣ ልጆቿ መሉርና ፔካን። የቴምባኩል እንቁላል አማራት፣ ቴምባኩል ያ ጭቃ ላይ የሚዘለው ዓሣ ነው፣ አግኝታ አመጣችና ለመሉር ሰጥታ ለኔም አስቀሪልኝ ብላ ወጣች። ትንሹ የራሱን ጨርሶ አለቀሰ፣ ሲያለቅስባት ጊዜ መሉር የእናቷን ድርሻ ሰጠችው። እናት ስትመጣ ማብሰያው ባዶ። ቀጥ ብላ ወደ ድንጋዩ፣ ዋጠኝ አለችው፣ ዋጣት።

ለልጅ ሲነገር እናትህን ስማ ነው። እኔ ግን እዛ ማብሰያው ጋ ቀረሁ። እነሱ ከምፑናን የሚሉት አለ፣ ያማረው ነገር የቀረበት ሰው ክፉ ይደርስበታል ይባላል፣ የኛ የእርጉዝ አምሮት በሉት። ደግሞ መራጁክ አለ፣ ኩርፊያ፣ ግን ለሚወዱት ሰው ብቻ የሚኮረፈው፣ መልሱም ፑጁክ ነው፣ ማባበል። እና ባል የሌላት ሴት ስታኮርፍ ማን ያባብላታል? ልጆቹ ሮጠውላታል እኮ፣ አልደረሱም።

እኛ ቤት... የዶሮ ወጥ እንቁላል ነበር፣ አንድ የቀረች፣ የእማዬ። ወንድሜ አለቀሰ፣ ሰጠሁት። ገባች፣ ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም፣ ክዳኑን ከፈት አደረገችው፣ አየች፣ መልሳ ከደነችው። ቀስ ብላ ነው የከደነችው፣ እሱ ነው የማይጠፋኝ፣ ብትወረውረው ይሻል ነበር። ደግ አደረጋችሁ፣ እኔ አልራበኝም አለች። ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ፣ እጄን አንስቼ ነበር፣ ላንኳኳ... አላንኳኳሁም።

ምናልባት እውነት አልራባትም ይሆናል። ምናልባት እንቁላሉ ሳይሆን እሷም ትበላለች ብሎ የሚያስታውስ ሰው ነው የፈለገችው። ወይ እኔ ነኝ አሁን ተረቱን እሷ ላይ የምጭነው፣ አላውቅም፣ መሉርም እኮ ልጅ ናት፣ ለሚያለቅስ ልጅ ምን ታድርግ?

ትናንት ደወልኩላት፣ ልጠይቃት። ገና ሃሎ ሳልል ምሳ በላሽ ወይ አለችኝ። በላሁ አልኳት። አንቺስ ልላት ስል መብራት ሄደ፣ ምናምን ብላ...