ከመርፌው በፊት

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ የዕድራችን አመራሮች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፦

መስከረም 18 ቀን የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ስለሚታሰብ ስለ ክትባቱ እንድናገር ጋብዛችሁኛል። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው፣ ከሰፈር ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡም ስርጭቱ እንደሚገታ በየዓመቱ ስለምንነጋገር አልደግመውም። የዛሬው ጉዳዬ ከመርፌው በፊት ያለው፣ ውሻን መነካት ማስለመድ ነው።

አምና በክትባቱ ዕለት በዚሁ ሜዳ የሆነውን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ሁለት ጎረምሶች በገመድ እየጎተቱት መጣ። ከቡችላነቱ ጀምሮ በር ጥግ በሰንሰለት ታስሮ ያደገ፣ ምግቡ ከሩቅ የሚወረወርለት፣ ጆሮውን እንኳ ማንም ዳሶት የማያውቅ ውሻ ነበር። ሰልፉ መሐል ሲገባ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጎጠ፤ አፍንጫውን ደጋግሞ ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ይህ ሁሉ መፍራቱን መናገሩ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። አጉረመረመ፤ አፉን በዱላ ተመታ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ሳያሰማ የያዘውን ልጅ እጅ ነከሰ። እኛ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ስናጥብና ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ስንልክ፣ ከዳር የቆመው ሰው ይስቅ ነበር፤ «ክፉ ውሻ ነው፣ ይገደል!» የሚልም አልጠፋም።

ያ ውሻ ክፉ አልነበረም! ዕድሜውን ሙሉ ሳይነካ የኖረን ፍጡር በአንድ ጠዋት በማያውቃቸው እጆች መሐል ጥሎ ጨዋነት መጠበቅ ግፍ ነው። የሚያጉረመርም ውሻን የሚመታ ሰው ፍርሃቱን አያጠፋለትም፤ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው የሚነጥቀው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ቀጥሎ የሚነካው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ሕፃን ልጅ ነው።

እስከ መስከረም ሳምንታት አሉን፤ ትምህርቱም ገንዘብ አይጠይቅም። ውሻው ዘና ባለበት ሰዓት ትከሻውን ለአፍታ ዳስሱትና ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ወይም ዳቦ ስጡት። መዳሰሱ ይቅደም፣ ምግቡ ይከተል፤ እንዲህ ሲለመድ እጃችሁ ለእሱ የመልካም ነገር ምልክት ይሆናል። ከትከሻ ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ ጆሮና ወደ መዳፉ በቀናት ውስጥ እለፉ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ፊቱን ካዞረ ወይም ድርቅ ብሎ ከቆመ እጃችሁን አንሱና ቀድሞ ወደለመደው ተመለሱ። በመጨረሻ የማጅራቱን ቆዳ፣ ሐኪሙ ሲወጋ እንደሚያደርገው፣ በሁለት ጣት ሰብሰብ አድርጋችሁ ያዙና አብሉት። ቡችላ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ዕድሜ ሰውንና መነካትን በቀላሉ የሚለምድበት ነው። ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ያላችሁ ብቻችሁን አትሞክሩት፤ አማክሩን።



በክትባቱ ዕለት የሚፈራ ውሻ ያላችሁ ሰልፍ አትግቡ፤ ከዛፎቹ ሥር ቆማችሁ ጠብቁን፣ እኛው እንመጣለን። ዱላ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ከበሩ እንመልሰዋለን። አመሰግናለሁ።