«ተቀበይ!»

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አዳራሽና ስለ አባቴ ነው።

የባሕር ዳር ልጆች ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን ታውቁታላችሁ፤ ከተማችን ቴአትር፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ የምታይበት ቤት ነው። እኔ መጋረጃ ሲገለጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው፤ ከአባቴ ጋር።

አባቴ የዘጌ ሰው ነበር፤ ቡና እየለቀመ ያደገ። ቴአትር አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው አዝማሪን ነው። እንደምታውቁት አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ አድማጭ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም አንዲት ቃል ሳይጥል ተቀብሎ ያዜመዋል። ግጥሙ የሁለቱም ነው።

በዚያ ምሽት በመድረኩ ላይ አንዲት እናት ሐይቁን ተሻግሮ የቀረ ልጇን ትጠብቃለች። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። በድንገት አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ።

«ተቀበይ!» አለ።

«ታንኳዬን አሰርኩት በደንገል ጠቅልዬ፣
ማዶ ላይ የቀረ ልጄን አገኝ ብዬ።»

ከኋላችን የነበረ ሰው ጋቢውን ይዞ ጎተተው። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ተዋናይቷ ግን ለአፍታ ዝም አለችና ሁለቱንም ስንኝ ያለ ዜማ፣ ቀስ ብላ ደገመችው። «ማዶ» የምትለዋ ቃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ማዶ የሐይቁ ወዲያ ብቻ እንዳልሆነ በአዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ገባው። ከዚያ ወደ ቃለ ተውኔቷ ተመለሰች፤ እልልታው ግን ቶሎ አልበረደም።

ዘመናዊ ቴአትር ወደ አገራችን የገባው በመኳንንቱ በኩል ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት እንስሳትን እያናገሩ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች የሚተች ተውኔት አሳዩ፤ የተነኩት ሰዎች ተቆጡና ቴአትር ተከለከለ። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ወንበር ተደርድሮ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ፣ ዝም ብሎ ማየት ከእነዚህ ቤቶች ጋር የመጣ ልማድ ይመስለኛል። ዝምታውን አልጠላውም፤ ሹክሹክታ እንኳ የሚሰማው በዝምታ ነው። ነገር ግን ለአባቴ ዝም ያለ አድማጭ ማለት ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ በጣና ዳር፣ በዘንባባዎቹ ሥር ሄድን። «አባዬ፣ ለምን ተነሣህ?» አልኩት።

«ብቻዋን ነበረች እኮ፤ የሚያግዛት ጠፋ» አለኝ።

አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አሁንም ቴአትር ባለ ቁጥር እሄዳለሁ፤ ከመሄዴ በፊት ቤቴ ተቀምጬ ሁለት ስንኝ አዘጋጃለሁ። እስካሁን አልተነሣሁም። ባለፈው ግን ጉልበቴ ተንቀሳቅሶ ነበር።