ዜሮ ዓመት ልምድ የሚባል ነገር የለም
በደብረ ማርቆስ ለአዲስ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከየመሥሪያ ቤቱና ከየድርጅቱ የመጣችሁ ቀጣሪዎች፣ ውድ ተመራቂዎች፤

ስለ ሥራ አፈላለግ እንድናገር ስትጋብዙኝ ስለ ሲቪና ስለ ቃለ መጠይቅ እንዳስረዳ አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል። እርሱንም እነካዋለሁ። ይሁን እንጂ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ስቀመጥ ያየሁትን አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም።

አንዲት የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛነት አመለከተች። አባቷ የእድር ጸሐፊ ነበሩ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መዝገቡን የምትይዘው እርሷ ነበረች። መዋጮውን ትመዘግባለች፤ የቀሪዎችን ቅጣት ታሰላለች፤ ድንኳን ሲከራይ ደረሰኝ ትቆርጣለች፤ በዓመቱ መጨረሻም አባቷ በአባላቱ ፊት የሚያነቡትን የገቢና የወጪ ሒሳብ ታዘጋጃለች። የእድር ሒሳብ በእኛ አገር እንዴት እንደሚመረመር ታውቃላችሁ፤ አምስት ብር ብትጎድል ጉባኤው አይበተንም። ልጅቱ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም በማመልከቻዋ አልጻፈችም። ሌሎቹ አመልካቾች ሁሉ ያስገቡትን፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገኘ ደብዳቤ ስሟን ብቻ ለውጣ አቀረበች። እድሩን ያነሣችልን ቃለ መጠይቁ አልቆ ልትወጣ ስትነሣ ነው። ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራ አይያዝም ተባለና ቅጹ ላይ «ልምድ፦ ዜሮ» ተብሎ ተሞላ። እኔም ፈረምኩበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጆቼ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ የሚይዝ ስለሌለ፣ በወረቀት ሁላችሁም ትመሳሰላላችሁ። የሚለያችሁ የሠራችሁት ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በቆሎ የመዘነ፣ የቤተሰቡን ወፍጮ ያስተዳደረ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቅ የጠበቀ ሁሉ ይህንኑ በጊዜና በመጠን ይጻፍ፤ ከተቻለም ማኅተም ያለበት የምስክር ደብዳቤ ያያይዝ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አስቡ፤ እህል በሚያቀነባብር ፋብሪካ፣ በቆሎ መድረቁን በጥርሱ ሰብሮ የሚለይ የገበሬ ልጅ እንዴት ልምድ የለውም ይባላል?

እናንተ ቀጣሪዎች ሆይ፣ «ጀማሪ» ብላችሁ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ ላይ ሁለት ዓመት ልምድ የምትጠይቁት በምን ኅሊና ነው? ሠራተኛውን እንድትፈትኑት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ሰጥቷችሁ የለምን? በስልክ ሊላክ የሚችለውን ማስረጃ «በአካል ቀርባችሁ አስገቡ» እያላችሁ፣ የድሀ ልጅ የአባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ እንዲመላለስ የምታደርጉትስ ለምንድን ነው? ይህ አሠራር ይቁም!

ስለ ቃለ መጠይቅ፦ ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሰዓቱ ተገኙ። ሥራ አስገባችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ ሳንቲም አትስጡ።

ከዚህ ስወርድ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ማመልከቻችሁን ይዛችሁ ኑና የተዘለለውን አብረን እንጻፍ። አመሰግናለሁ።