ስንት ሰዓት ፈጀብህ?

ስለ ዲስሌክሲያና ዲስፕራክሲያ ቅድመ ልየታ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በአንድ ቃል ልጀምር፤ «ደበርሚሎ»። ትርጉሙን አትፈልጉ፣ የለውም። ትናንት ማታ ራሴ የፈጠርኩት ነው። እንዲያም ሆኖ ስክሪኑ ላይ ገና ሲወጣ ሁላችሁም አነበባችሁት። ፊደሉን ወደ ድምፅ መለወጥ ለእኛ ሳይታወቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ያለበት ሰው የሚቸገረው እዚሁ ላይ ነው። የለመደውን ቃል በመልኩ አውቆት ያልፋል፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ቃል ሲገጥመው ግን ይቆማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። በቅድመ ልየታ ፈተናዎች፣ ማለትም ችግሩ ሊኖርበት የሚችለውን ሰው ቀድመው በሚጠቁሙ ፈተናዎች ውስጥ፣ ትርጉም የለሽ ቃላት የማይጠፉት ለዚህ ነው። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ አእምሮውም እንደዚያው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ልጁ ብሩህ ነው፤ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም። ማንበብ ግን አልሆነለትም፤ የገዛ ስሙን ሲጽፍ እንኳ ፊደላቱን አቀያየረ። ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ጎበዝ ይሆን ነበር ብሎ የመሰከረለት መምህሩ ነው። ሐኪሙ ጻፈው እንጂ፣ ያን ያስተዋለው መምህሩ ነበር።

እኔ አላስተዋልኩም። ከዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ የሚጠይቀው ጥያቄ እኔኑ የሚያስጨንቀኝ ተማሪ ነበረኝ። ጽሑፉን ስቀበል ግን አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሦስት መልክ ጽፎት አገኛለሁ። በቀይ እስክሪብቶ «ጥንቃቄ ይጎድልሃል» እያልኩ መለስኩለት፤ ያውም አንዴ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ቢሮዬ መጣና፣ ወሬ ወሬን አንስቶ፣ ያን የ20 ገጽ ንባብ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጠየቅኩት። «ከትናንት በስቲያ ከሰዓት ጀምሬ ትናንት ማታ ጨረስኩት» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ሌሎቹስ ስንት ይፈጅባቸዋል?» አለኝ። ሁሉም ሰው እንዲሁ የሚደክም ይመስለው ነበር።

ዛሬ የምለምናችሁ ያችን አንዲት ጥያቄ ቶሎ እንድንጠይቅ ነው። ውጤት አይነግረንም። ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ ችግሩን መሸፈን ተክኖበታል፤ በቃሉ ይይዛል፣ ጓደኛውን ያስነብባል፣ ሌሎች ሲተኙ ያመሻል። ፊደልና ድምፅ በማይጣሉበት አጻጻፍ ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ይደበቃል። እንዲህ ባሉ ቋንቋዎች ዲስሌክሲያ ያለበት አንባቢ ብዙውን ጊዜ በትክክል ያነባል፤ የሚለየው ዝግታው ነው። ስህተት ብቻ የሚቆጥር መለያ ፈተና ይህን ልጅ «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኘዋል። ሰዓት ሳይያዝ የሚደረግ ልየታ ከሌላ አገር ተተርጉሞ መጣ ቢባል እንኳ አትቀበሉት።

ዲስፕራክሲያ ደግሞ በመደበቅ ከዚህም ይብሳል፤ ከነስሙም የሚያውቀው ጥቂት ነው። እንቅስቃሴን የማቀድና የማቀናጀት ችግር ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈሳሽ ወደ ቀጭን ቱቦ ሲያንጠባጥብ እጁ የማይታዘዝለትን፣ ማስታወሻ ሲይዝ ወይ መስማት ወይ መጻፍ ብቻ የሚሆንለትን ተማሪ አስቡት። ልየታው ወደ ልጅነት ይመልሰዋል፦ ቁልፍ መቆለፍ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ብስክሌት፣ ኳስ መቅለብ። ወሬ መቆስቆስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ምልክቱ ከለጋ ዕድሜ የጀመረ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 11 ከሆኑ ሕፃናትም ከ100 ከ5 እስከ 6 የሚሆኑትን እንደሚነካ ይገልጻል። ልጆቹ ያድጋሉ፣ ችግሩ ግን ለብዙዎቹ አብሯቸው ያድጋል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ቅድመ ልየታ ምርመራ አይደለም። ለማሳያ ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። 1,000 ተማሪ አለን፣ 100ው ዲስሌክሲያ አለባቸው እንበል። ፈተናችን ካለባቸው 100 ውስጥ 80ውን ያገኛል፤ ከሌለባቸው 900 ውስጥ ደግሞ ከየመቶው 20ውን በስህተት ይጠረጥራል። 80 እውነተኛ፣ 180 የተሳሳተ፣ ባጠቃላይ 260 ሰው ይጠራል። 20ው ደግሞ ሳይታዩ ያልፋሉ። እንግዲህ የልየታውን ወረቀት ብቻ አይቶ «አንተ እንዲህ ነህ» የሚል ሰው ከሦስቱ በሁለቱ ላይ ይሳሳታል ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በር ብቻ ነው፤ ከበሩ ኋላ ሙሉ ምርመራ የሚያደርግ ባለሙያ ከሌለ ባንከፍተው ይሻላል። ቀጠሮ ሳይዘጋጅ ቅጽ አይበተን።

«ሁሉም ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ሊጠይቀን ነው» የሚል ስጋት ሰምቻለሁ። ይጠይቅ። የሚሰጠው በሙሉ ምርመራ ችግሩ ለተረጋገጠለት ነው። የልየታውን መልሶችም እኛ መምህራን አናያቸውም፤ ተማሪው ካልፈቀደ በቀር። ባለቀለም ፕላስቲክ ገጹ ላይ አንጥፉና ችግሩ ይጠፋል የሚሉም ይመጣሉ። ዲስሌክሲያን እንደሚያክም አሳማኝ ማስረጃ የለውም፤ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙአቸው።

ከፊታችሁ የተገለበጠ ወረቀት አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ለአዲስ ተማሪዎች ልንሰጠው ያሰብነው ቅጽ ነው። ገልብጡትና ራሳችሁ ሙሉት። ስም አይጻፍበትም፣ ማንም አይሰበስበውም። 10 ደቂቃ ይዘናል። ያልበቃው ሰው ይቀጥል፤ እንጠብቃለን።